ሳሎን ውስጥ የተፈታው ካምቢዮ

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ እንዴት አደረገህ? መኪና ሥር ተኝተህ መዋሉን ካልተውክ እንደማይለቅህ ታውቀዋለህ፤ ግን ማን ይሰማል። ባለቤትህስ እንዴት ናት? የፈረቃ ሥራው ቀለል አለላት ወይ? ያቺ በፎቶ ብቻ የማውቃት ልጃችሁስ ጥርስ አወጣች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም። አባባም እማዬም ደህና ናቸው። በዚህ ቤት ጤና የጎደለው የጭነት መኪናው ብቻ ነው።

ጋራዡ ውስጥ የያዝክልኝ ቦታ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ እንደሚጠብቀኝ ከጻፍክልኝ ጀምሮ መቀመጥ አልቻልኩም። እግሬ እዚህ ነው፣ ልቤ መንገድ ላይ ነው። እማዬ ወንበር ትስብልኛለች፤ እኔ ወንበሩን ይዤ እቆማለሁ። ከአባባ ጋር የተስማማነውን ጽፌልህ ነበር፤ መኪናው በራሱ ጎማ ከግቢ የወጣ ዕለት እኔም እወጣለሁ። ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ ከመኪና ሥር ቢገቡ መውጣቱ ሌላ ሥራ ነው፤ ከባድ ነገር የሚያነሳላቸውም የለም። መኪናው ቆመ ማለት ደግሞ ቤቱ ቆመ ማለት ነው። እንዴት ትቻቸው እሄዳለሁ?

ስለዚህ የተበላሸውን የማርሽ ሳጥን፣ ካምቢዮውን፣ አወረድነው። አውቶማቲክ ነው፤ አባባ «ሁሉን አውቃለሁ ባይ» ይሉታል። የድሮውን ዓይነት ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈቱታል፣ ይሄን ግን እንደ አዲስ አለቃ ነው የሚያዩት። በክሪክ አውርደን፣ በጋሪ ጎትተን ሳሎን አስገባነው፤ ግቢው አቧራ ነው፣ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ውስጡ ከገባች ልፋታችን ሁሉ ገደል ገባ። እማዬ መጋረጃዋን አውልቃ፣ ምንጣፏን ጠቅልላ ቤቷን አስረከበችን። የተቃጠሉትን፣ ማርሹን ጨብጠው የሚይዙትን የፍሪሲዮን ሸራዎች አውጥተን አዲስ አዘጋጀን። አዲሶቹ ከመገጠማቸው በፊት ዘይት ውስጥ መዘፍዘፍ ስላለባቸው የእማዬ ትልቁ ድስት ለዚህ ዋለ። ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህር ብቅ ብለው ድስቱን ከፈት አደረጉና፣ ምሳ ስንት ሰዓት ነው ብለው ጠየቁን።

የአባባን አሠራር አትረሳውም። የተፈታ ነገር ሁሉ በተፈታበት ተራ የእንቁላል ትሪ ላይ ይቀመጣል፣ ቁጥሩ በጠመኔ ይጻፋል፣ ሲገጠም እንደገና ይቆጠራል። ሳይቆጠር የሚገጠም ነገር የለም። ዘይቱን ወደየማርሹ የሚያከፋፍለው ጠፍጣፋ ብረት ውስጥ ሽንብራ የሚያክሉ የብረት ብዮች አሉ። ስንፈታ ሰባት ነበሩ፤ ሰባት ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ስገጥም ግን አልቆጠርኩም። ብረቱ ላይ ከመጀመሪያውም ብይ የማይገባባቸው ጉድጓዶች ስላሉ፣ አንዱ ባዶ ሆኖ ቢታይ አይከነክንም። አባባ ቀስ በይ፣ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እያሉ ይመክሩኛል፤ እኔ በሐሳቤ አውቶብስ ተሳፍሬያለሁ።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ቦታው መልሰን፣ ዘይት ሞልተን፣ ሞተሩን አስነሳሁት። ወደ ኋላ ስለው ሄደ። ወደ ፊት ስለው ዝም። ነዳጅ ስሰጠው ይጮኻል እንጂ ንቅንቅ አይልም። መምህሩ ከአጥር ማዶ ሆነው፣ መኪናችሁ ሐሳቡን ለውጦ ሊመለስ ነው መሰለኝ አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔ እንባዬ መጣ። ከሥር ገብቼ የዘይቱን መያዣ አውርጄ፣ ጠፍጣፋውን ብረት ፈትቼ ብዮቹን ብቆጥር ስድስት ናቸው።

ሁለት ቀን ፈለግን። አልጋ ተነሳ፣ ቁም ሳጥን ተገፋ፣ መጥረጊያ ያልነካው ጥግ አልቀረም። ማግኔት በክር አስሬ ወለሉን ሁሉ አሰስኩት፤ መርፌ አገኘሁ፣ ቡሎን አገኘሁ፣ አንተ ጠፋ ብለህ እኔን ያስገረፍክበትን የብስክሌት ቁልፍ ሳይቀር አገኘሁ፤ ብይዋ ግን የለችም። አባባ በዚያ ጉልበታቸው ተንበርክከው ሶፋው ሥር ያያሉ። እማዬ ከወጥ ቤት ሆና፣ ለመሆኑ ያቺ ትንሽዬ ነገር ይሄን ያህል ታስፈልጋለች እንዴ እያለች ደጋግማ ትጠይቃለች። መለዋወጫ ሻጩ ደግሞ ልኳን ለማስመጣት ሦስት ሳምንት ይፈጃል አለኝ። ሦስት ሳምንት ከየት ላምጣ?

ሐሙስ ጠዋት አቃተኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ፤ አባባ፣ እንዳልሄድብዎት ብለው ብይዋን የደበቁት እርስዎ ነዎት አልኳቸው። ከእኛ ከሁለታችን በቀር ትሪውን የነካ ሰው ያለ አልመሰለኝም፤ ቀስ በይ ሲሉኝ የከረሙትም እሳቸው ናቸው። ቀና ብለው አንዴ አዩኝና እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ወጡ። ሄደው የመኪናው መወጣጫ ላይ ተቀመጡ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

ጥቂት ቆይታ እማዬ መጣች፤ የምትልጠውን ድንች እንኳ አላስቀመጠችም። የሻሿን ጫፍ ፈታችና ብይዋን ጠረጴዛው ላይ አደረገቻት። እየተንከባለለች ልትወድቅ ስትል ያዝኳት፤ ሙቀቷ እጄ ላይ ተሰማኝ። ሂጂ ሂጂ ስትለኝ የነበረችው፣ ለመንገድ ሹራብ የሠራችልኝ እማዬ ናት እንዲህ ያደረገችው። ከትሪው ላይ ሳነሳት መኪናውን የምታቆም መሆኗን አላወቅኩም፣ ስትፈልጊያት ሁለት ሦስት ቀን ትቆዪልኛለሽ ብዬ ነው አለችኝ። በኋላ ነገሩ ሲከርባት መመለሱ አሳፈራት። ቀጥላ ያለችኝን ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልኩ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ወንድምሽ ሲሄድ ሻንጣውን ያሰርኩለት እኔ ነኝ፤ ሸሚዙን ተኩሼ፣ ዚፑን ዘግቼ፣ እስከ በር ተሸክሜ። ዐሥር ዓመት ሙሉ ይሄን እጄን ስረግመው ኖሬያለሁ አለች።

ወደ አባባ ሄድኩ። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። ረቡዕ ዕለት እናትሽ ሻሿን ስታስተካክል ብልጭ ስትል አይቻታለሁ፣ ከእሷ ጋር ተቀያይመሽ ከምትሄጂ ከእኔ ጋር ብትቀያየሚ ይሻላል ብዬ ነው ዝም ያልኩት፣ እኔ ቻይ ነኝ አሉ። ያለችበትን እያወቁ እስከ ሐሙስ በዚያ ጉልበታቸው ተንበርክከው ሲፈልጉ ነበር። ውሃ ሆንኩ። አጠገባቸው ተቀምጬ አለቀስኩ።

ዛሬ ጠዋት ሰባቱንም ገጠምኩ። እማዬ ከመኪናው ሥር አብራኝ ገብታ ባትሪ አበራችልኝ፤ እያንዳንዷን ሳስቀምጥ ጮክ ብላ ትቆጥራለች። መኪናው ወደ ፊት ሄደ። አባባ ሰፈሩን ዞረውበት ተመለሱና ማርሹ ሲቀያየር እንኳ አይሰማም አሉ። እማዬ አጨበጨበች፣ ከዚያ ፊቷን አዙራ ወደ ቤት ገባች።

እሑድ እነሳለሁ። ብቀር ለእሷም አይበጃት፤ ቀን በቀን በር በሩን ሳይ ልታየኝ ነው። አንድ ነገር ግን ልለምንህ። ደብዳቤህ ሁሉ ለአባባ ነው፣ ለእማዬ የሚደርሳት የመጨረሻው መስመር ላይ ያለችው ሰላምታ ብቻ ናት። አንድ ሙሉ ወረቀት ለእሷ ጻፍላት። ያኔ ስትደርስ ሸሚዝህ ሳይጨማደድ እንዳገኘኸው ጻፍላት። ባይሆንም ጻፍላት።

ለባለቤትህ ብዙ ሰላምታ አቅርብልኝ፤ ልጅህን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። አባባ፣ ወገብህን በጨርቅ አስረህ ሥራ ብለዋል። መምህሩ የድስቱን ወሬ እኔ እንደነገርኩህ ሳይሆን እሳቸው እንደሚያወሩት እንድትሰማ ይፈልጋሉ። እማዬን ምን ልበልልሽ ብላት፣ ሰላም በይልኝ ብላ ሌላ ነገር ልትጨምር አሰበችና ተወችው። ሻንጣዬን አሁን ራሴ አስሬ ጨረስኩ። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ ነበር፤ ዚፑ አልዘጋ ሲለኝም አልተነሳችም።

አንተ ቅብጥብጧ የምትላት ታናሽ እህትህ
ከቤታችን፣ ከሳሎኑ ጠረጴዛ
ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በሃያ ሁለተኛው ቀን