ከግድግዳ ሥር ለክቡር ሰብሳቢ

ለዓለም አቀፉ የዝናብ ልኬት ድርጅት የሥራ አመራር ምክር ቤት ክቡር ሰብሳቢ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በአጠቃላይ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ሰው የሚያሳስበው የአካል ክፍል ሁሉ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። አገርዎ ያንን ወንበር ከያዘች ሰባ አንድ ዓመት እንደሞላት በድርጅቱ መጽሔት ላይ አንብቤ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን ተነሡ ያላችሁ ሰው አለመኖሩ ደንቆኛል። እኔ ደህና ነኝ። የሚያመኝ ቅናት ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከእርስዎ ስብሰባ ከተመለስኩ ወዲህ የጀመረኝ ነው።

ምናልባት አላስታወሱኝ ይሆናል። የአንድ ትልቅ ወንዝ ራስጌ ላይ ያለ የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ስል ሌላ ሠራተኛ የለም ማለቴ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ በሽቦ ከታጠረው ግቢ ገብቼ በቆርቆሮው የተጠራቀመውን ውሃ ቁጥር ወደተጻፈበት ብርጭቆ እገለብጣለሁ፤ ጎንበስ ብዬ ዓይኔን ከውሃው ጋር አስተካክዬ አነብባለሁ፤ መዝግቤም በሬዲዮ እልካለሁ። የመሥሪያ ቤታችን አለቃ ድንገት ታምመው ባይተኙ ኖሮ እኔን ወደ እርስዎ አዳራሽ የሚልከኝ አልነበረም።

ታናሽ እህቴ ከወንዙ ግርጌ፣ ዳርቻው ላይ ትኖራለች። በዝናብ ወራት ጠዋት ጠዋት ትደውልና ሰላምታም ሳትሰጠኝ «ዛሬ ስንት ሆነ?» ትለኛለች። ከአርባ ሚሊ ሜትር በላይ ነው ካልኳት ሦስት ልጆቿንና ፍራሾቿን ይዛ ኮረብታው ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ትወጣለች፤ ጎረቤቶቿም ይከተሏታል። እስካሁን አራት ጊዜ ወጥተዋል፤ ሦስቱን ጊዜ ውሃው ቤቷ ገብቷል። ይህን የምነግርዎ ጉዳዩ ምን እንደሆነ አስቀድመው እንዲያውቁት ነው፤ ከዚህ በታች ስለ ወንበር ብዙ ስለማወራ ሊያሳስትዎ ይችላል።

አንደኛ፣ ስለ ወንበሮቹ። ድርጅቱ ዘጠና ስምንት አባል አገሮች አሉት፤ በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ወንበሮች አሥራ አራት ናቸው። ዘጠኙ የመሥራቾች ናቸውና አይነኩም። የቀሩትን አምስቱን ማን እንደሚቀመጥባቸው የሚመርጠው ራሱ ምክር ቤቱ ነው። ሰማንያ አራታችን ግድግዳውን ተደግፈን በታጣፊ ወንበር ተደረደርን፤ እሱንም ስላሰናዱልን ከልብ እናመሰግናለን፣ ቁሙ ብትሉንስ ማን ይከለክላችሁ ነበር? የእኔ ወንበር በሩ አጠገብ ስለነበር የሻይ ትሪ በገባ ቁጥር ጉልበቴን መሰብሰብ ነበረብኝ። የእናንተ ወንበሮች ቆዳ ናቸው፤ ይዞራሉ። በእያንዳንዱ ፊት ቁልፉን ሲጫኑት ቀይ መብራት የሚያበራ ድምፅ ማጉያ አለ፤ በወረቀት የተከደነ የውሃ ብርጭቆም አለ። አልዋሽዎትም፣ ያቺን ብርጭቆ ቀኑን ሙሉ ስመኛት ዋልኩ። ሃያ ሦስት ዓመት ውሃ በብርጭቆ የለካሁት እኔ፣ ውሃ በብርጭቆ የምትጠጡት እናንተ።

ሁለተኛ፣ ስለ ተወካያችን። ቀጠናችን ሃያ ስድስት አገሮች ሲኖሩት ወንበሩ አንድ ነው። ማን እንደሚቀመጥበት ከሃያ ስድስታችን የተጠየቀ የለም። ቀና ብዬ ሳይ ማን ተቀምጦበታል? በሥልጠና ዘመናችን አንድ ክፍል አብሮኝ ያደረው የጎረቤት አገር ሰው! ጭጋግ ነበር የምንለው፤ በፈተና ላይ የስድስት ደመና ሥዕል ተሰጥቶት የሁሉንም ስም «ጭጋግ» ብሎ ስለጻፈ። ፈተናውን በኋላ ያለፈው የእኔን ደብተር ገልብጦ ነው፤ ደብተሩን የሰጠሁትም እኔው ነኝ። አሁን ወደ ግራ ዞር፣ ወደ ቀኝ ዞር እያለ፣ ቀዩን መብራት እያበራ፣ «ቀጠናችን ደስተኛ ነው» ይላል።

ቀናሁበት። ለአገሬ ተቆርቁሬ ነው ብል ለደብዳቤዬ ያምርበት ነበር፤ ግን በጉንጬ ላይ የወጣው ሙቀት የአገር ጉዳይ አይመስልም ነበር። በእረፍት ሰዓት ኮሪደሩ ላይ አቅፎ ሳመኝ፣ የባለቤቴን ጤንነት ጠየቀኝ፣ ስለ ጣቢያዬ ገና አፌን ስከፍት ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «የእናንተን ጉዳይ ለእኔ ተወው፣ አንተ አትጨነቅ» አለኝ። ጫማውን ሳየው አዲስ ነበር። በጫማውም ቀናሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ዝምታ። የሳተላይት ፎቶግራፍ ይበቃል በሚል አሥራ አንድ ጣቢያዎች እንዲዘጉ ሐሳብ ቀረበ። አሥራ አንዱም ግድግዳ ሥር በተቀመጡ አገሮች ውስጥ መገኘታቸው የአጋጣሚ ነገር ነው፣ እኔም ለአጋጣሚ ክፉ አላስብም። የእኔም ጣቢያ ከመካከላቸው ነበር። በደንባችሁ መሠረት ያልተቃወመ እንደተስማማ ይቆጠራል፤ ተቃውሞ የሚቀርበውም ቁልፉን በመጫን ነው። ክቡርነትዎ «ተቃውሞ አለ?» ብለው ሲጠይቁ ጭጋግን አየሁት፤ ብዕሩን ይፈትሽ ነበር። ከወንበሬ ሥር በእጄ ዳበስኩ፤ የደረቀ ማስቲካ አገኘሁ እንጂ ቁልፍ የለም። ስለዚህ ተነሣሁ። እጄንም አወጣሁ። መዶሻዎ እስኪያርፍ ድረስ ቆሜ ነበር።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔም ነው። እርስዎ አዩኝና ፈገግ ብለው በአንገትዎ ሰላምታ ሰጡኝ። እኔም ጅሉ፣ ትልቅ ሰው ሰላም ሲል ዝም አይባልም ተብዬ ያደግሁ ነኝና፣ ያወጣሁትን እጅ ደረቴ ላይ አድርጌ ዝቅ ብዬ እጅ ነሣሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በደረሰኝ ቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈረው ይህ ነው፦ «የአንድ አባል አገር ተወካይ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ለውሳኔው ያላቸውን ጥልቅ አክብሮት በመግለጻቸው ሰብሳቢው አመስግነዋል።»

እንዲታረም ጻፍኩ። ጽሕፈት ቤትዎ በሁለተኛው ቀን መለሰልኝ፤ ፍጥነቱን አደንቃለሁ። ቃለ ጉባኤ የሚታረመው የምክር ቤቱ አባል ሲጠይቅ ብቻ ነው አለኝ። ለጭጋግ ጻፍኩለት። እሱ ደግሞ ወንበሩ በመጪው ዓመት ስለሚታደስ አሁን ማንንም ቅር ማሰኘት እንደማይፈልግ፣ ጥቂት እንድታገሠው ለመነኝ። ፊርማው አምሮበታል።

አራተኛ ነጥብም ነበረኝ፤ ስለ ቆዳው ነበር። ባለቤቴ የሒሳብ መምህርት ናት፤ የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ደብዳቤውን ሳነብላት ቀና አለችና «አንተ የምትፈልገው ወንበሩን ነው ወይስ ጣቢያውን?» አለችኝ። ሁለቱንም አልኳት። «እህትህ የምትፈልገው ግን አንዱን ብቻ ነው» ብላ ወደ ደብተሯ ተመለሰች። አራተኛውን ነጥብ ሰረዝኩት። ቅናቱ አልተሰረዘም፤ አሁንም አብሮኝ አለ፣ ይህንንም የሚጽፈው በከፊል እሱ ነው። ነገር ግን በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው የእኔ አገር ሰው ቢሆን ወይም ቢያንስ እኛ የመረጥነው ቢሆን ኖሮ፣ ያቺ ቁልፍ አንድ ጊዜ ትጫን ነበር። ልመናዬም ይኸው ነው፦ ወንበሮቹ በየቀጠናው እንደ አገሮቹ ብዛት ይከፋፈሉ፣ ተወካዩን ቀጠናው ራሱ ይምረጥ፣ ዘለዓለም የሚቀመጥም አይኑር።

ጣቢያው የሚዘጋው ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ነው። መሣሪያዎቹን የሚነቅሉ ሰዎች ይመጣሉ ተብዬአለሁ፤ ዝናቡ የሚገባው ደግሞ በወሩ ነው። ለእህቴ ስነግራት «ታዲያ ከእንግዲህ ማንን ልጠይቅ?» አለችኝ። የቢሮዎን ስልክ ቁጥር ሰጥቻታለሁ። ጠዋት ጠዋት ትደውልልዎታለች። ሰላምታ የላትም፣ ይቅርታ ያድርጉላት፤ ቁጥሩን ብቻ ይንገሯት።

በታጣፊ ወንበር ላይ ሆኜ የወንበርዎን ዕድሜ እያደነቅሁ፣ ውሃዎ ከብርጭቆዎ እንዳይጎድል እየተመኘሁ፣ በቃለ ጉባኤ ለተመዘገበው አክብሮቴ ታማኝ ሆኜ የምቀር፣

በሩ አጠገብ ተቀምጦ የነበረው የዝናብ ለኪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከላይ ያለውን ልመና በአንድ ገጽ አሳጥሬ ለዘጠና ሰባቱም አባል አገሮች ልኬዋለሁ፤ ከታቹም የእናንተኑ አንቀጽ ጽፌበታለሁ፦ በሰባት ቀን ውስጥ ያልተቃወመ እንደተስማማ ይቆጠራል። መቃወም የሚሻ ግድግዳው ሥር ካሉት ታጣፊ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጦ ቁልፉን መጫን ይኖርበታል። ዛሬ ስድስተኛው ቀን ነው፤ የተጫነ የለም። ምናልባት ክቡርነትዎ ቁልፉን አጥተው ከመቀመጫዎ ቢነሡ አይጨነቁ፤ አክብሮትዎን እንመዘግብልዎታለን።