ምድጃዋ እንዳትበርድ በተራ ስለጠበቁት ሰዎችና በባዶ ስለተቆጠሩባቸው ወራት

ቀን፦ ኅዳር 9

ለጡረታ አበል ውሳኔ ቅሬታ ሰሚ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የሟች ባለቤቴ የመዋጮ ክፍተት "በፈቃዱ ሥራ ያቋረጠበት ጊዜ" ተብሎ መያዙን ስለመቃወምና ውሳኔው እንዲታረም ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች፣ በጠርሙስና ብርጭቆ ፋብሪካ የምድጃ ክፍል የፈረቃ መሪ ሆኖ ዕድሜውን የጨረሰውና ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ያረፈው ሠራተኛ ባለቤት ነኝ። ከመሥሪያ ቤትዎ በር አጠገብ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ይህን አቤቱታ በወጉ ጀምሮልኝ ነበር። ነገር ግን እኔ ሦስት ስናገር እሱ አንዱን እየጻፈ፣ "እናቴ፣ ይሄ እዚህ አይገባም" እያለ ስላስቸገረኝ፣ የድካሙን ከፍዬ ወረቀቱን ተቀበልኩት። ስለዚህ ከዚህ በታች አንዳንዱ ቃል የእሱ ነው፤ የቀረው የእኔ ነው። ባለቤቴንም በጽሑፍ "እሳቸው" ማለት እንደሚገባኝ አላጣሁትም። ዕድሜ ልኬን "አንተ" ስለው ኖሬ ዛሬ ስለሞተ እንግዳ ላደርገው አልቻልኩምና ይቅርታ ያድርጉልኝ።

1. ባለቤቴ ጡረታ ሲወጣ የተወሰነለት አበል ከጠበቀው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱን መስኮት ላይ የምትሠራው ልጅ፣ እግዜር ይስጣትና፣ ሳትሰለች አስረድታኛለች። አበል የሚሰላው በሁለት ነገር ነው፤ መዋጮ በተከፈለበት የአገልግሎት ዘመንና በመጨረሻዎቹ ዓመታት አማካይ ደመወዝ። ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ አጥቶ የተዘጋው ደግሞ ባለቤቴ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። በዚያ ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ በጎደለው ጊዜ በስሙ የገባ መዋጮ የለም። ስለዚህ አንደኛ ጊዜው ከአገልግሎቱ ላይ ተነሣ፤ ሁለተኛ እነዚያ ወራት በባዶ ተቆጥረው አማካዩን ጎትተው አወረዱት። "ወተት ላይ ውሃ እንደማፍሰስ በይው" አለችኝ ልጅቱ፤ ገባኝ። አሁን በሞቱ ለእኔ የተላለፈው ደግሞ ከዚያው ከቀጠነው ወተት ግማሹ ነው።

2. መዋጮ አለመግባቱን አልክድም። ፀቤ ደብዳቤው ለክፍተቱ ከሰጠው ምክንያት ጋር ነው። "ሠራተኛው በሥራ ላይ እንዲቆይ በአሠሪው ተጠይቆ በፈቃዱ ሥራ ያቋረጠበት ጊዜ" ይላል። ክፍተቱ በአሠሪው ምክንያት የመጣ ቢሆን ኖሮ አሠሪው ወደ ኋላ ተመልሶ መዋጮውን እንዲከፍል ይደረግ እንደነበር፣ "በፈቃዱ" ስለተባለ ግን መንገዱ እንደተዘጋ ተነግሮኛል። ባለቤቴ ይህን ደብዳቤ ያነበበ ዕለት ኮቱን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ምሳ አቀረብኩ፣ አልነካውም። ቀና ብሎ፣ "እኔ ሥራ አቋርጬ አውቃለሁ እንዴ?" አለኝ። ልጆቹ ሲወለዱ እንኳ ከፈረቃው ቀርቶ የማያውቅ ሰው! እንደማያስታውስ ሰው ነበር የጠየቀኝ።

3. አቤቱታው ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ለምን አልቀረበም ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ስለሚገባኝ፣ እነሆ። የሥራ ባልደረቦቹ ያወጡለት ስም "አባ ወረፋ" ነው። ዳቦ ቤት ሰው ሲጋፋ እሱ ያሰልፋል፤ አሰልፎ ሲያበቃ መጨረሻ ላይ ይቆማል። ዳቦ ሳይገዛ ባዶ እጁን የመጣበት ቀን ብዙ ነው። ቅሬታ እንዲያቀርብ ስወተውተው፣ "ከእኔ የባሰባቸው አሉ፤ እነሱ ይቅደሙ" ይለኝ ነበር። ሳል በጠናበት ጊዜ ሐኪም ቤት ሄዶም ተራውን ሕፃን ላቀፈች ሴት ለቆ፣ "ነገ እመለሳለሁ" ብሎ ወደ ቤቱ መጣ። ምን ላድርገው? ሰው አይለወጥም።

4. አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። ብርጭቆ የሚቀልጥበት ምድጃ እንደ ቤት ምድጃ አይደለም፤ ሲፈልጉ የሚያጠፉት፣ ሲፈልጉ የሚለኩሱት። አንድ ጊዜ ከበረደ ሆዱ ውስጥ ያለው የቀለጠው ብርጭቆ ይደርቃል፣ ጡቡ ይሰነጣጠቃል፣ ከዚያ ወዲያ አፍርሶ እንደ አዲስ ከመሥራት በቀር መላ የለውም። ሠራተኞቹ "እማማ" ነበር የሚሏት። "እማማ ዛሬ አኩርፋለች"፣ "እማማ በላች ወይ?" ሲባባሉ የሰማ አንዲት አሮጊት በጋራ የሚጦሩ ነበር የሚመስለው። ፋብሪካው የተዘጋ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ የክፍሉን ሰዎች ሰብስቦ፣ ጥሬ ዕቃ እስኪመጣ ሁሉም ያለ ደመወዝ ቤቱ እንዲቀመጥ፣ አራት ሰዎች ብቻ ግን በደመወዛቸው ቀርተው ምድጃዋን በዝቅተኛ እሳት እንዲጠብቁ ወሰነ። ከአራቱ ስም መጀመሪያ የተጠራው የባለቤቴ ነው።

5. የክፍሉ ሠራተኞች ሃያ ስምንት ነበሩ። ባለቤቴ ተነሥቶ፣ "እኔ ደሞዝ እየበላሁ ይሄ ብርጭቆ ነፊያችን ልጆቹን ምን ሊያበላ ነው? ወይ ለሁላችን፣ ወይ ለማናችንም" አለ። የቀሩት ሦስቱም ተከተሉት። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ "እንደ ፍጥርጥራችሁ፤ ብቻ እሳቱ እንዳይጠፋ" ብሎ ተስማማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት አራት ሆነው በየሳምንቱ እየተፈራረቁ ምድጃዋን ጠበቁ። የአራቱን ሰዎች ደመወዝም ለሃያ ስምንት ተካፈሉት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው አሉ። ችግሩ የመጣው ከሒሳብ ክፍል ነው። የተፈቀደው የአራት ሰው ደመወዝ ስለሆነ ሃያ ስምንት ስም ደመወዝ መክፈያ ላይ ማስገባት አልተቻለም፤ ሒሳብ ሹሙ እንዲቀለው ገንዘቡን "ድጋፍ" ብሎ መዘገበው። ድጋፍ ደመወዝ አይደለምና መዋጮ አይቆረጥበትም። አንድም ሰው ጡረታዬስ ብሎ አልጠየቀም። ሁሉም የሚያስበው ስለ እማማ ነበር።

6. ያን ዕለት ቤት መጥቶ ሲነግረኝ እንዴት እንደተናደድኩ! ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ የእኔው ጉድ ግን ለራሱ ሲቆርስ ፍርፋሪ ነው የሚያነሣው። "ሰው ስሙ ሲጠራ አቤት ይላል እንጂ ሌላ ጥሩ ይላል?" ብዬ ጮህኩበት። እሱም፣ "ሌላ ጥሩ አላልኩም፤ ሁላችንንም ጥሩ ነው ያልኩት" ብሎ ጫማውን አወለቀ። ያን ሁሉ ወራት የሰው አንሶላ እያጠብኩ ጎዶሎውን ሞላሁ። ያኔም ተናድጄ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል። ይሁን እንጂ ሥራ አላቋረጠም። ይህን ማለት ያለብኝ እኔ ነኝ፤ በተራው ሳምንት ቅንድቡ በወላፈን ተለብልቦ ሲመጣ ቅባት የቀባሁት እኔ ነኝና። ሥራ ያቋረጠ ሰው ቅንድቡ ይለበለባል? ተራው ባልሆነ ሳምንት እንኳ ነፋስ ሲነሣ ተነሥቶ ይሄድ ነበር፤ "ልያትና ልምጣ" እያለ። የገደለው ሳልም የጀመረው በዚያ ጊዜ ነው።

7. ጥሬ ዕቃው ሲመጣ ምድጃዋ ደህና ነበረች። ፋብሪካው በዚያው ሳምንት ሥራ ጀመረ፤ እስከ ዛሬም እየሠራ ነው። ምናልባት ክቡርነትዎ ጠረጴዛ ላይ የውሃ ብርጭቆ ይኖር ይሆናል። ግርጌውን ገልበጥ አድርገው ቢያዩት ትንሽ የኮከብ ምልክት አለው፤ ከእማማ የወጣ ነው ማለት ነው። (ማመልከቻ ጸሐፊው ይህን አልጽፍም ያለኝ ነው።)

8. በአሁኑ አበል የምኖርበትን ሁለት ክፍል ቤት ኪራይ ከፍዬ መብላት አልቻልኩም። ልጄ "ነይ እኛ ጋ" ትለኛለች፤ አማቼም ደግ ሰው ነው፣ ክፉ አይወጣውም። ቤታቸው ግን አንድ ሳሎን ነው፤ የምተኛው ሶፋው ላይ ነው። ሰው ሁሉ ካልተኛ እኔ መተኛ የለኝም። እንግድነት ጥቂት ቀን ያምራል፤ ከዚያ በኋላ ሰው ባይናገርም ሶፋው ይናገራል። ከዚህም በላይ ይህች ቤት እሱ የኖረባት ናት። መዝጊያዋን እንኳ የሰቀላት እሱ ነው።

9. ባለፈው ወር ጉዳዬን ለመከታተል ስመጣ፣ ፋይሉን የያዘው ባለሙያ አዝኖልኝ ወንበር ሰጠኝና አንድ መላ ነገረኝ። የአራቱ ሰዎች ስም ከፋብሪካው በመጣው ደብዳቤ ላይ ስላለ፣ ባለቤቴ ጥበቃውን ተቀብሎ ከሦስቱ ጋር ብቻ በደመወዝ እንደሠራና የቀሩት ሃያ አራቱ በዚያ ጊዜ ሥራ ላይ እንዳልነበሩ አረጋግጬ ብፈርም፣ የእሱ ወራት እንደሚቆጠሩለት ነገረኝ። ሌሎቹስ ብዬ ስጠይቀው፣ "ለሁሉም ከተፈቀደ ማብቂያ የለውም፤ እናቴ፣ ለራስዎ ይሁኑ" አለኝ። ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የወለድኩት ልጅ ቢሆንም ይህንኑ ይመክረኝ ነበር። ቅጹን ይዤ ቤት ገባሁ። ልዋሽዎ አልፈልግም፤ ልፈርም ነበር። ብዕሩን አንሥቻለሁ።

10. ያላስፈረመኝ የቀብሩ ዕለት ነው። ከቤታችን እስከ መቃብሩ አቀበት ነው። የሰፈሩ ጎረምሶች ሳጥኑን ሊያነሡ ሲሉ ከምድጃ ክፍል በሕይወት የቀሩት አሥራ አንድ ሽማግሌዎች መጡና፣ "ዞር በሉ ልጆች፤ ተራው የኛ ነው" አሏቸው። ሁሉም ሳላሞች ናቸው፤ አንዱ ከዘራ ይዟል። አራት ሆነው አነሡ፤ ትንሽ ሄደው ሲደክሙ ሌሎች አራት ገቡ። ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም ስም አልጠራም፤ ልክ እንደዚያን ጊዜው ነበር የሚፈራረቁት። መጨረሻ የቀሩት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ የባለቤቴ ቡድን ናቸው፣ አራተኛቸው ሳጥኑ ውስጥ ነው። አንድ ጎረምሳ ጎዶሎውን ሊሞላ ሲጠጋ ከሦስቱ አንዱ፣ ያ ብርጭቆ ነፊ፣ በእጁ ከለከለው። ከዚያ እኔ ወደቆምኩበት ዞረና፣ "ነይ እንጂ፤ ተራሽ ነው" አለኝ። ገባሁ። ሴት አትሸከምም ያለኝ አልነበረም። ሳጥኑ ከባድ ነበር፤ እነሱም እያለቀሱ፣ እኔም እያለቀስኩ አቀበቱን ወጣን።

እነዚህን ሰዎች አልሠሩም ብዬ በየትኛው እጄ ልፈርም?

ስለሆነም ክቡር ኃላፊ፣ የሚከተለውን በትሕትና እለምናለሁ፦

ሀ) "ድጋፍ" ተብሎ የተከፈለው ገንዘብ ለተሠራ ሥራ የተከፈለ ስለሆነ እንደ ደመወዝ ተቆጥሮ፣ የአሠሪው መዋጮ ከፋብሪካው እንዲጠየቅ፤ የሠራተኛው ድርሻ ከእኔ አበል ላይ በየወሩ ቢቆረጥ ቅር አይለኝም፤

ለ) ይህም ለባለቤቴ ብቻ ሳይሆን ለሃያ ስምንቱም፣ የሞቱትም በሚስቶቻቸውና በልጆቻቸው በኩል፣ እንዲሆን፤ አሥራ አንዱም ቀርበው ለመመስከር ዝግጁ ናቸው፤ ደረጃ መውጣት ስለሚከብዳቸው ብቻ ቀጠሮው ምድር ቤት ቢሆን፤

ሐ) ይህ ሁሉ በሕግ አይቻልም ቢባል እንኳ ከማኅደሩ ላይ "በፈቃዱ ሥራ ያቋረጠ" የሚለው እንዲሰረዝ፤ ፈቃዱማ ነበረ፤ የፈቀደው ግን ሥራውን ከሃያ ሰባት ሰዎች ጋር መካፈልን ነው፤ ይኸው በቦታው እንዲጻፍልኝ።

ለእሱ ብቻ የሚል ውሳኔ ከመጣ ግን አልቀበለውም። ሶፋው ላይ እተኛለሁ። ወይ ለሁሉም፣ ወይ ለማንም፤ ዕድሜ ልኬን የተጣላሁት በዚህ ቃል ነበር፤ አሁን እኔው ይዤው መጣሁ።

የተሰጠኝን ቅጽ ሳልፈርምበት ከዚህ ጋር አያይዤ መልሻለሁ።

ጊዜዎን ወስደው እስከዚህ ስላነበቡልኝ እያመሰገንኩ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የአባ ወረፋ ባለቤት

ግልባጭ፦
በሕይወት ላሉት አሥራ አንድ የምድጃ ክፍል ጡረተኞች፤ አንድ ቅጂ ብቻ ስላለኝ በየተራ እንዲያነቡት