ስድስት ቃል አንተ ጋ፣ ስድስት ቃል እኔ ጋ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6 ቀን
ሱቁ ሳይከፈት

ለማልጠግብህ ባለቤቴ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጃችን ስትደውልልህ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ድምፅህን ስለምሰማ በሕይወት መኖርህን አውቃለሁ። ሳል ይዞህ እንደነበርም ሰምቻለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ትልቁ ማጠቢያ ማሽን ብቻ ልብስ ሲጨምቅ ጎረቤቱን ሁሉ ይቀሰቅሳል፤ አንተ ነበርክ ዝም የምታሰኘው።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልህ ልጃችን ናት። መሥሪያ ቤቷ ለሥልጠና አንተ ወዳለህበት ከተማ ልኳታል። በስልክ የማይባል ነገር ስላለኝ ነው በወረቀት የመጣሁብህ።

አንተ ከሄድክ ወዲህ አንድ አመል አውጥቻለሁ። ገንዘባችን ምን እንደሆነ ማወቅ አማረኝ። ለማስመለስ ብቻ አይደለም፣ ለማወቅ። ሱቁን እንገዛበታለን ብለን ያጠራቀምነው ሁሉ እዚያ ክሪፕቶ የሚሉት የኢንተርኔት ገንዘብ መገበያያ ውስጥ ገባ፣ ድርጅቱ ከሰረ ተባለ፣ በሩ ተዘጋ። ሂሳብህን በስልኬ ስከፍተው ግን የቀረው ቁጥር ዛሬም ከነስምህ ቁጭ ብሏል፣ አንዲት ሳንቲም ሳትጎድል። ታዲያ ያለ ነገር እንዴት አይወጣም? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ።

ያንን ግራጫ ሱፍ የሚያመጣ የሂሳብ ባለሙያ ደንበኛዬን ታስታውሰዋለህ፣ ኪሱ ሁልጊዜ በእስክሪብቶ ቀለም የሚበላሽበትን። ባለፈው ሱፉን ሊወስድ ሲመጣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ጠየቅኩት።

«ስክሪኑ ላይ ያለው ገንዘቡ አይደለም እኮ» አለኝ። «ከእናንተ ስለመቀበላቸው ማረጋገጫ ነው። ይቺ አንቺ የሰጠሽኝ ደረሰኝ ሱፌ ናት?»

«አይደለችም።»

«ሱፌን ለሌላ ሰው ብታከራዪው፣ ደረሰኙ ላይ የሚለወጥ ነገር አለ?»

«ምንም የለም» አልኩት። ከዚያ ደግሞ ሳቅ አፈነኝ። የራሴን ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ልብስ ተኳሽ ሆኜ የሠራሁበትን ልብስ ማጠቢያ ቤት ነግሬህ አላውቅም መሰለኝ። አሠሪዬን ባለወርቅ ጥርሱ ነበር የምንለው። የደንበኞችን ሱፍ ቅዳሜና እሁድ ሠርግ ላለበት ሰው ያከራይ ነበር። ሰኞ ጠዋት አጥበን፣ ተኩሰን እንሰቅለዋለን፤ ባለቤቱ መጥቶ አመስግኖ ይወስዳል። አንድ ቅዳሜ ግን ሰፈር ውስጥ ትልቅ ሰው ሞተና ባለሱፉ ሁሉ ለቀብር ልብሱን ፈልጎ መጣ። ባለወርቅ ጥርሱ በሩ ላይ ቆሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ማሽን ተበላሽቶ ነው፣ ሰኞ ተመለሱ።»

መገበያያው በተዘጋ ቀን ስልክህ ላይ የመጣውን መልእክት አስታወስከው? «ለጥገና ሲባል ገንዘብ ማውጣት ለጊዜው ቆሟል» ይል ነበር። የሂሳብ ባለሙያው ሳቄ አልቆም ሲል ውኃ ሰጠኝ። አንድ ሁለት ሰው ሲመጣማ በሰበብ ይሸኛል፤ ጉዱ የሚፈላው ሁሉም በአንድ ቀን ሲመጣ ነው። የእኛን ገንዘብ ለሌላ አበድረውት፣ ያ ሌላው ደግሞ ቁማር ተጫውቶበት ነበር አሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኸው ነው።

በቪዲዮ የተደረገውን የገንዘብ ጠያቂዎች ስብሰባም ገባሁ። ስልኩን መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አቁሜ ሸሚዝ እየተኮስኩ አዳመጥኩ። ፍርድ ቤት የሾመው አጣሪ ረጅም ነገር አነበበ፤ ሲጨመቅ፣ የሚገኘው ጥቂት ነው፣ እሱም ዓመታት ይፈጃል ነው። ጥያቄ ያለው ሲባል እጄን አነሳሁ። «የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ የራሱን ገንዘብ የት ነበር የሚያስቀምጠው?» አልኩ። አጣሪው መነጽሩን አስተካክሎ «እሱ ገና በምርመራ ላይ ነው» አለ። ልጃችን በሳቅ ፈረሰች። አንተ ብትኖር ደግሞ «ይቺ ሴት አታሳፍረኝ» ብለህ ካሜራውን ታጠፋው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሊከስር ነው የሚለው ወሬ ሲጀመር ከመገበያያው አውጥተህ በዚያች የላይተር ቁመት በምታክል የክሪፕቶ መያዣ ዕቃ ያስቀመጥካት ገንዘብ አለች። ዕቃዋን እኔው ራሴ አጠብኳት። የሰው ኪስ ስፈትሽ የኖርኩ ሴትዮ የባሌን ቱታ ሳልፈትሽ ማሽን ውስጥ ከተትኩና ከማጣሪያው ውስጥ ስብርባሪዋን ለቀምን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች! አንተ ግን አልተቆጣህም። «አይዞሽ፣ ቃላቱ አሉ» አልከኝ።

ቃላቱ አሥራ ሁለት ናቸው፤ በቅደም ተከተል የሚያውቃቸው ሰው በሌላ ዕቃ ገንዘቡን ይከፍተዋል፤ የረሳቸው ሰው አቤት የሚልበት ቢሮ የለም። አንተ ደግሞ በሊፍት ጥገና ሥራህ ሕግ ሄድክ። አንድ ሰው ከላይ፣ አንድ ሰው ከታች፣ ሁለቱም ካልተናገሩ ምንም አይንቀሳቀስም ብለህ ስድስቱን ለእኔ ሰጠኸኝ፣ ስድስቱን ራስህ ያዝክ። የሂሳብ ባለሙያውን፣ ሰው ጋ ማስቀመጥና ራስ ጋ ማስቀመጥ የትኛው ይሻላል ብዬ ጠየቅኩት። አንዱ ይከስርብሻል፣ ሌላው ይታጠብብሻል አለኝ። እሱ እንኳ መሬት ነው የሚገዛው።

አከራያችን ሱቁን ሊሸጠው ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ቀብድ ካመጣሁ ቅድሚያው የእኔ ነው። ካላመጣሁ ጎረቤታችን ስልክ ሻጩ ይገዛዋል። ትናንት ሜትር ይዞ መጥቶ የመተኮሻ ጠረጴዛዬን ግድግዳ ለክቶ ሄደ፤ ሰላም እንኳ አላለኝም። ያቺ የተረፈችው ገንዘብ ለቀብዱ ትበቃለች፣ ልጃችን አስልታዋለች።

«እማዬ፣ ደውለሽ ስድስቱን ቃል ጠይቂው በቃ» ትለኛለች።

ብጠይቅህ እንደምትነግረኝ አውቃለሁ። አንዴም ሳታንገራግር ትነግረኛለህ፣ ሸክም እንደወረደለት ሰውም ትተነፍሳለህ። እኔ የፈራሁት እሱን ነው። ከዚያ በኋላ እኔ ካንተ የምፈልገው፣ አንተም እኔ ጋ የሚቀርህ ነገር አይኖርም።

በገንዘቡ ተናድጄ አላውቅም። አብረን አስገባነው፣ አብረን ተበላን። የተናደድኩት በአካሄድህ ነው። ለሦስት ሳምንት ሥራ ነው ብለኸኝ ሸሚዞችህን ተኩሼ ሻንጣህ ውስጥ ስደረድር፣ ከታች ወፍራሙን ካፖርትህን አየሁት፤ ያኔ ደግሞ ሙቀቱ ገና መግባቱ ነበር። አየሁትና ዝም አልኩ። ሻንጣውን ራሴ ዘጋሁት። ስንት ሰው በጥያቄ የማሰለች ሴት ያን ቀን አፌን ምን እንደያዘው እስካሁን አላወቅኩም። ናፍቀኸኛል።

ስለዚህ ሌላ ነገር አደረግኩ። የእኔን ስድስት ቃላት ልጃችንን በቃሏ አስጠናኋት። ተሳፍራ እስክትሄድ ድረስ ዕቃ ስታጥብ ታነበንባቸዋለች። ብቻችሁን ስትሆኑ በአፏ ትነግርሃለች፤ ስልክህ ላይ እንዳትጽፋቸው፣ ፎቶም እንዳታነሳቸው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አሥራ ሁለቱም አንተ ጋ ናቸው። የእኔ ስድስት ብቻቸውን ምንም አይከፍቱልኝም፤ አንተ ግን እኔን ሳታማክር መክፈት ትችላለህ። እዚያው ቤት ተከራይተህ ኑሮ ልትጀምርበት ብትፈልግ አልከስህም፣ ለሰውም አልናገርም። ለአከራዩ ያልኩት እስከ ወሩ መጨረሻ ጠብቀኝ ብቻ ነው።

ከፍታ ላይ የምትሠራ ሰው ነህና እግርህ አይክዳህ፣ ገመዱም አይላላብህ፤ ከክፉ ዓይንና ከክፉ አለቃ ይጠብቅህ። ሳሉ ካልለቀቀህ ትኩስ ነገር ጠጣ። እሁድ እሁድ ሱቁን አልከፍትም፤ ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ።

ሚስትህ