በሱሃይላ ላይ የበዛው ምስጋና

ለውድ እህቴ ከሪማ፣ ሻሸመኔ

አሰላሙ ዓለይኩም። ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ይህን በገዛ እጄ የጻፍኩት ወንድምሽ ሽኩር ነኝ፤ ከማታ ትምህርት አንደኛ የወጣሁት! ሁለተኛው ከእኔ ገልብጦ ነው።

ልጅሽ ሱሃይላም ደህና ናት። እኔ በር በምጠብቅበት ዩኒቨርሲቲ፣ በጽሑፍ ማዕከሉ፣ ተማሪዎች የጻፉትን ይዘውላት ሲመጡ አብራቸው አንብባ ታቃናላቸዋለች። ዘንድሮ የእርሻውም የምህንድስናውም መምህራን «ጽሑፍን በየትምህርታችን ውስጥ ልናስተምር ነው፤ አሠራሩን አሳዪን» ብለው መጡ። የምታውቀውን ሁሉ አሳየቻቸው። ከዚያ ወዲህ ተማሪው ወደ እሷ መምጣቱን ትቶ እዚያው በየክፍሉ ቀረ፤ መምህራኑ ግን እሷን ማመስገን አላቆሙም። ትናንት አበባ ሰጥተው አጨበጨቡላት።

«አጎቴ፣ ደስ አይልም?» አለችኝ።

«እኔ እዚህ ግቢ እንዲህ ያለ ጭብጨባ የሰማሁት የጥበቃ አለቃችን አቶ ዘካርያስ ጡረታ የወጡ ቀን ነው» አልኳት። ሳቀችና ባዶዎቹን የተማሪ ወንበሮች ዞር ብላ አየች።

ይህን ደብዳቤ እንደ ወትሮው እንድታርመው አላሳየኋትም፤ እንደኔ ያለ ሊቅ ምን ያሳርማል!

ለዒድ ትመጣለች። ሻንጣዋ መጻሕፍቷን ሁሉ ይዞ ከበዓል ልብስ በላይ ከብዶ ብታዪው «ምነው?» እንዳትዪያት። ተቀበያትና ጩኮ አቅርቢላት።

ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በይልኝ። አላህ በደስታ ያገናኘን።

ጸሐፊውም ፈራሚውም ሽኩር፣ ከአዳማ