የሊያ ፉጨት ቆሟል

ዳኜዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸን አምስት ወር ሊሞላ ነው። እስካሁን ያልጻፍኩልህ የምጽፈው ደግ ነገር ስላልነበረኝ ነው፤ ዛሬ ግን አለኝ፣ ደስ ይበልህ።

አስሙ አንተን ከወሰደ ወዲህ የአፍንጮ በሩ ቤታችን ጸጥ ይላል ብዬ ነበር። አላለም። ከለቅሶህ ሰሞን ጀምሮ ሊያ ስትተነፍስ ደረቷ ያፏጭ ጀመር። ልክ እንዳንተ። እናትህም ጎረቤቱም የአባቷን ነው የወረሰችው አሉ። ክሊኒክ ብወስዳት ያንተን ታሪክ ሰምተው አንተ በአፍህ ትስበው የነበረውን መድኃኒት ሰጧት። ምንም አልተሻላትም። ልጄንም ልትወስድብኝ ነው ብዬ ተቆጥቼሃለሁ። አንዳንዴ ደግሞ፣ አትሳቅብኝ፣ አጠገቤ ያለህ እየመሰለኝ ቁጭ ብዬ አዳምጣት ነበር።

በመጨረሻ የሕፃናት ሐኪም ጋ ሄድን። ዶክተሯ ፉጨቱ በቀኝ በኩል ብቻ መሆኑ አልጣማትም፤ አስም አንድ ጎን መርጦ አይዝም አለችኝ። ሁለት ራጅ አዘዘች፤ አንዱ አየር ስታስገባ፣ ሌላው አስወጥታ ስትጨርስ። የመጀመሪያው ደህና ነበር። ለሁለተኛው ግን ልጅህ እምቢ አለች። ሻማ አጥፊ ቢሏት፣ ፊኛ ንፊ ቢሏት ወይ ፍንክች። ግትርነቷ እንኳ ባንተ ነው የወጣችው። ጨረር የሚከላከለውን ከባድ ሽርጥ ለብሼ አጠገቧ ቆሜ ሳለሁ የቅዳሜያችሁ ነገር ትዝ አለኝ። ፒያሳ ማኪያቶ ቤትህ ወስደህ ባንኮኒው ላይ ታስቀምጣትና የማኪያቶህን አረፋ እፍ ብላ እስክትጨርስ ትጠብቃት ነበር። የአባቢን ማኪያቶ ንፊለት አልኳት። ነፋች፣ ትንፋሿ እስኪያልቅ።

ራጁ ላይ ግራ ሳንባዋ ሲጎድል ቀኙ እንደተነፋ ቀርቷል። የገባው አየር መውጫ አጥቶ ነው። የዘጋው ነገር ራሱ በራጅ ስለማይታይ፣ ዶክተሯ ምግብ ትን ብሏት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያኔ ለቅሶህ ትዝ አለኝ። ድንኳን ውስጥ ቆሎ ሲዞር እሷም ከየሰው እጅ እየተቀበለች ስትቅም ዋለች። ድንገት ትንፋሽ አጥሯት ስትስል፣ ሁላችንም አባቷን አስታውሳ ሳግ ያዛት ብለን አብረናት አለቀስን።

በማግስቱ አስተኝተው በቀጭን ቱቦ አወጡላት። ግማሽ ኦቾሎኒ! አልቅሼ ስጨርስ ሳቄ መጣ። ይኸውልህ፣ ስምህን በከንቱ አጥፍተናል።

አሁን ቀን ስታሸልብ ጆሮዬን ደረቷ ላይ አደርጋለሁ። ምንም አይሰማም። ያንተን ድምፅ ለሁለተኛ ጊዜ አጣሁት፣ ደስ እያለኝ። ለሙት ዓመትህ ዳቦ እንጂ ቆሎ አላቀርብም፣ ቅር እንዳይልህ።

ማኪያቶ ቤትህ ለመንገድ ሥራ ፈርሷል። እኛም ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ሌላ አግኝተናል፤ በሕይወት እስካለሁ ቅዳሜህን አላስታጉልም። አንተ እንደምትወደው ስኳር አብዝቼ አዝዝልሃለሁ። አረፋውን እሷ ትነፋልሃለች፤ አሁን በሁለቱም ሳንባዋ ነው።

ትዕግሥትህ