ከላይ የታየው ብረት

ሰይዴ፣ አላህ ማረፊያህን ጀነት ያድርገው። ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገባ። መካነ ሰላም እንደምታውቃት ጭቃ ናት፤ ሚኒባሱም እንደ ድሮው መንገድ ላይ ይቀራል። የጓዳው ጣሪያ አሁንም ያፈሳል። አሠራዋለሁ እንዳልክ ሄድክ።

ዘሃራችን አሥራ ሁለተኛን ተፈትና ውጤት እየጠበቀች ነው። የምጽፍልህም ስለ እሷ ነው፤ ጠርጥሬያታለሁ።

መጠርጠር ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ፊዚክስ አስተምረህ ስትመጣ ደጃፍ ተቀምጠን ስለ ነጭ ድንክ ኮከብ የነገርከኝ ትዝ ይልሃል? ነዳጇን ጨርሳ፣ ያበጠ ገላዋን በትና፣ መሬትን የምታክል እምብርቷ ብቻ የቀረች ኮከብ። አትነድም፤ በተረፋት ሙቀት እያበራች ቀስ በቀስ ትቀዘቅዛለች። ከባድ ከባዱ ወደ ውስጥ ስለሚሰምጥ ላይዋ ላይ የሚቀረው ሃይድሮጅን ወይም ሂሊየም ነው አልከኝ። ማን ወጥቶ አየው ብዬ ሳቅሁብህ። ብርሃኗን በየቀለሙ ለይተው ነው የሚያውቁት አልክ። ብረት ወይም ካልሲየም ከላይ ከታየ ግን ጠርጥሪ፣ በቅርቡ የወደቀባት ነገር አለ፤ የተሰባበረች ፕላኔት ልትሆን ትችላለች አልከኝ።

ዘሃራም ካንተ ወዲህ ላይዋ ጸጥ ያለ ነበር፤ ሐዘኗን ሁሉ ወደ ውስጥ አስገብታዋለች። ባለፈው ሳምንት ግን ሰሃን እያጠበች ለብቻዋ ስታጉተመትም ሰማኋት። ተላጃ፣ ተላጃ ትላለች። ዓረብ አገር ፍሪጁን እንዲህ እንደሚሉት ከሳዑዲ የተመለሰችው ጎረቤታችን ነግራኛለች። እኛ ቤት ፍሪጅ የለም። ታዲያ ስሙ ምን ያደርግላታል? ዓረብ አገር የሚልክ ደላላ አግኝቷታል አልኩ።

ጠየቅኋት፤ አልካደችም። ለካ እሷም ስትጠረጥረኝ ከርማለች። ሰኞና ሐሙስ የምትጾሚው ለሱና ብቻ ቢሆን ኖሮ መግሪብ ሲል ጠግበሽ ትበዪ ነበር፤ ለእኔ እንዲተርፍ ብለሽ ነው፣ እኔም የምሄደው ለዚሁ ነው አለችኝ። አፈርኩ። ደስም አለኝ፤ ቁርጥ አንተን።

ፓስፖርቷን ውጤቱ እስኪመጣ አንቺ ጋ ይቀመጥ ብላ ሰጠችኝ። ዛሬ መግሪብ ላይ እኩል በላን፤ እጄን እያየች ነበር የምትጎርሰው። ሰሃኑን ስታጥብ ደግሞ እኔ ጆሮዬን ጣልኩ። ዝም ብላለች። ዝምታዋንም አላመንኩትም።

አልረሳህም፣ ሰይዴ። ልጅህን በጠረጠርኩ ቁጥር፣ እሷም እኔን በጠረጠረችኝ ቁጥር፣ አንተ እዚህ ቤት አለህ።