ባዶው የአሻንጉሊት ቁም ሳጥን

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

እንደ ወትሮው ዩኒፎርም ስሰፋ ዋልኩ። ወገቤ አለቀ። ጎረቤታችን አናጺው ለድንቢጥ አሻንጉሊት ያዘዝኩትን ቁም ሳጥን ጨርሶ አመጣው። ሲያምር! ከላይ መስቀያ፣ ከታች መሳቢያ፣ ለብቻው ደግሞ አልጋ። ድንቢጥን ደስ ይላታል ብዬ ነበር። የእህቴ ልጅ ናት፤ እናቷን ከቀበርን ወዲህ እኔ ጋ ነች። አየት አደረገችውና "ያምራል" ብላ ወደ ፌስታሏ። የአሻንጉሊቷ ልብስ፣ አንሶላ፣ ጫማ፣ ሁሉም እዚያ ፌስታል ውስጥ ነው፤ አፉ ተቋጥሮ።

"አውጪና ደርድሪያቸዋ።"

"አባዬ ሲመጣ ያስቸኩለናል።"

አባቷ ሹፌር ነው። "መጣሁ" ብሎ የሄደ… አይ መምጣት!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ከቁርጥራጭ ጨርቅ ለአሻንጉሊቷ ካፖርት ሰፋሁ። ሰቅዬ ባሳያት ትጀምር ይሆናል ብዬ። በሩ አልዘጋ አለ! ለካስ ሰውዬው የአሻንጉሊቷን ቁመት ብቻ ነው የለካው። የተሰቀለ ልብስ ትከሻው ወደ ውስጥ ቦታ እንደሚፈልግ ማን ይንገረው? ጠርቼ አሳየሁት።

"እህቴ፣ አሻንጉሊት ደግሞ የምን ትከሻ አላት?"

"ያንተስ ካፖርት በር ከፍቶ ነው የሚያድረው?"

ሳቀ። ሊያስተካክለው ይዞት ሄደ። ድንቢጥም ሳቀች፣ ከስንት ጊዜ በኋላ… ከፌስታሉ ግን ወይ ፍንክች። ማታ አንሶላዋን አውጥታ አሻንጉሊቷን ታስተኛለች፤ ጠዋት አጣጥፋ መልሳ ትቋጥራለች። የአንድ ቀን እንግዳ እንኳ እንዲህ አይሆንም። እኔው ጋ ትቅርልኝ ብዬ መመኘቴ ኃጢአት ነው? ልጅ የለኝ… ቤቱ ጭር ሲል እፈራለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

አባቷ ደወለ። በስንት ጊዜው! አግብቷል።

"ሴትዮዋ የሰው ልጅ አላሳድግም አለች። እዚያው አንቺ ጋ ትሁን። ምን ይጎድልባታል?"

"አንተ ነሃ የምትጎድልባት!"

እሱም "መኪና እየነዳሁ ነው" ብሎ ዘጋው። ልናደድ ወይስ ልደሰት? ሁለቱም። መደሰቴ አሳፈረኝ። ዞር ስል በሩ ላይ ቆማለች። ምን ያህል ሰማች?

"አባዬ ነው?"

"አዎ።"

"አገናኚኝ አላለም?"

ስልኩን ኪሴ ከተትኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ምንም አልጠየቀችም። ምናለ ብታለቅስልኝ!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ከስፌት ቤት ስመለስ ቁም ሳጥኑ ተመልሷል። አሁን በሩ ይዘጋል። ከፈትኩት። ካፖርቱ ተሰቅሏል፣ ቀሚሶቹም ከጎኑ። መሳቢያው ውስጥ ብርድ ልብስና ትርፍ አንሶላ፣ ጫማዎቹ ከታች ጥንድ ጥንድ ሆነው። አልጋው ተነጥፏል። ይኸው፣ የተመኘሁት!

ድንቢጥ ፌስታሉን አጣጥፋ ሰጠችኝ።

"ለቆሻሻ ይሁንሽ አክስቴ። እኛ አንፈልገውም።"

"አባትሽ እኮ…" ብዬ ጀመርኩ።

"ተይው በቃ" አለችኝ፣ እንደ ትልቅ ሰው።

ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ቀረችልኝ። ትቅርልኝ ስል ግን እንዲህ ማለቴ አልነበረም።